ከዶክተር ቱት ዝርዝር ላይ የተሰረዘችው መስመር

ስድስተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ የወደቅኩ ሰው ነኝ። በሦስተኛው ትምህርት ቤቱ ራሱ በክብር ሸኘኝ። እንግዲህ ይኸው እኔ ነኝ፣ ውጭ አገር ጆርናል ላይ የታተመ የስታቲስቲክስ ፔፐር ከነርዕሱ ያሰረዝኩት። ያውም በዳቦ መጋገሪያ አካፋ። አታምኑኝም፣ አውቃለሁ። እዚህ ጁባ፣ ካቶር ሰፈር ውስጥ ተካን የሚያምን ሰው ቢገኝ እኔ ራሴ እጠረጥረዋለሁ። ዘንድሮ ግን መታመን አለብኝ። የፔፐሩ ባለቤት ሞቷል፣ ስሙ በእኔ ጥፋት እንደቆሸሸ ነው።

ዶክተር ቱት ማረፉን የሰማሁት ከጋምቤላ በተደወለ ስልክ ነው። እህቱ ናት የደወለችው። ኩላሊቱ እምቢ ሲለው ወደ እሷ ሄዶ ነበር።

"ጋሽ ተካ፣ ወንድሜ አረፈ" አለችኝ።

"እርግጠኛ ነሽ?" አልኳት። እንዲህ ነኝ እኔ፤ ሞትንም ሳልጠረጥር አልቀበልም።

ዱቄት ጆንያ ላይ ቁጭ ብዬ ዓይኔን ስጠርግ አንዱ ደንበኛ ዳቦውን እያስጠቀለለ "ማነው የሞተው?" አለኝ። ነገርኩት። "እ... ያ የውሸት ፔፐር የጻፈው ዶክተር?" አለ። ዳቦውን ከእጁ ቀምቼ ልመልሰው ምንም አልቀረኝም። ግን ምን ብዬ? ውሸቱ የማን እንደሆነ የምናውቀው ሦስት ሰዎች ነን።

ከመጀመሪያው ልጀምር።

ዳቦ ቤቴ ካቶር ነው። ምድጃውን የሠራሁት ራሴ ነኝ፣ ማንም አላስተማረኝም። ጄኔሬተሩን የምጠግነው እኔ፣ እንግሊዝኛ የተማርኩት ከዱቄት ጆንያ ላይ በመዝገበ ቃላት፣ የጁባ ዓረብኛ የተማርኩት ደግሞ በጠብ። አንድ ጠዋት እንደ ልማዴ "ጁባ ውስጥ እንደኔ የሚጋግር የለም!" እያልኩ ሳወራ ከጥግ በኩል አንድ ድምፅ በጠራ የአዲስ አበባ አማርኛ፦

"ከማን ጋር ሲነጻጸር?" አለ።

ዞር አልኩ። ረጅም ሰው ነው፤ በሬን ሁሌ ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው። ሻይ ይዟል፣ ትንሽ ደብተር ይዟል፣ እርሳስ ይዟል።

"ከማንም ጋር!" አልኩት።

"ከማንም ጋር ከሆነ እንግዲህ ከማንም ጋር አላነጻጸርክም" አለና ሻዩን ፉት አለ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ጋምቤላ አድጎ፣ አዲስ አበባ ተምሮ ወደ አገሩ የተመለሰ ኑዌር መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው። የዚያን ቀን ያወቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ይሄ ሰው ይጽፋል። ጁባ ውስጥ ደግሞ ዳቦ ቤትህ ቁጭ ብሎ የሚጽፍ ሰው ካየህ ወይ ግብር ነው፣ ወይ ኢሚግሬሽን ነው፣ ወይ ስሙን የማትጠራው መሥሪያ ቤት ነው።

ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ዱቄት በጅምላ የሚያከፋፍሉትን ሐጂ ኑረዲንን አማከርኳቸው። እሳቸው ጁባ ውስጥ ከዓባይ ድልድዩ በፊት የነበሩ ነው የሚመስለኝ።

"ምን ይጽፋል?" አሉኝ።

"ቁጥር። ዳቦ ሲወጣ ይቆጥራል፣ የተቃጠለውን ይቆጥራል፣ ሰው ስንት ደቂቃ እንደሚሰለፍ ይቆጥራል።"

"ተካ፣ ሰው በነጻ አይቆጥርም። ሻዩን አሙቅለት፣ አፍህን ግን ዝጋ።"

ሻዩን አሞቅኩ። አፌን መዝጋት ግን አልተሰጠኝም። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ "ዶክተር" ብዬ፣ ከዚያም አንቱታውን እሱ ራሱ አስጥሎኝ፣ ቤቱ ድረስ ሄድኩ። የሄድኩት ልጠይቀው አይደለም። ልሰልለው ነው።

ቤቱ ሁለት ወንበር፣ አንድ አልጋ፣ የሞላ መጽሐፍ። ግድግዳው ላይ ደግሞ ሰው የአማቱን ፎቶ በሚሰቅልበት ቦታ ዘጠኝ ገጽ ወረቀት ተርታውን በምስማር ተመቷል። እስካሁን የጻፋቸው ፔፐሮች ዝርዝር ነው አለኝ። ሻይ ሲያፈላ ተጠግቼ አነበብኩ። ስለ ፍየል መኖ፣ ስለ ማሽላ ዘር፣ ስለ ጎመን መደብ፣ ማሳ እንዴት ተከፋፍሎ ምን የት እንደሚዘራ። እዚህ ስሙ አንደኛ ነው፣ እዚያ አራተኛ። አንዱ ላይ ደግሞ በአባቱ ስም ብቻ ነው ያለው።

"ይሄን ሁሉ አንተ ነህ የጻፍከው?"

"ብቻዬን አይደለም። ለዚያ እኮ ነው የሁሉም ስም ያለበት።"

"የጋራ ከሆነ ለምን አንተ ግድግዳ ላይ ብቻ ተሰቀለ?"

ሳቀ። ሲስቅ ድምፅ አይሰማም፣ ትከሻው ብቻ ነው የሚነቃነቀው። እኔም በልቤ "ድምፅ የሌለው ሳቅ የሌባ ነው" አልኩ።

አንዷን ፔፐር ግን ዛሬም አስታውሳታለሁ። ሙከራ የተዘራበት ማሳ ላይ ላሞች ገብተው አንዱን መደብ ሙልጭ አድርገው ቢበሉት ሒሳቡ እንዴት እንደሚሠራ የምትናገር ናት። በዚህ ጉዳይ ነጭ ወረቀት የሚጨርስ ሰው አለ?

"ምን ይጻፋል ታዲያ?" አልኩት። "ጎረቤቱን መደብ አይተህ በግምት አትሞላም?"

እርሳሱን በምላጭ እየቀረጸ ነበር። ቅራፊውን መሬት አይጥልም፤ በመዳፉ ሰብስቦ ኪሱ ውስጥ ይከታል። እንደዚያ እያደረገ "ላሟ ከበላች በላች ብለህ ትጽፋለህ" አለኝ። "ከዚያ በቀረው ትሠራለህ። እንዳልበላች አድርገህ ከጻፍክ አንተም አብረሃት በልተሃል።"

ጥሩ አባባል ነው። ጥሩ አባባል የሚያበዛ ሰው ደግሞ ይበልጥ ያጠራጥረኛል፤ ራሴን ስለማውቀው።

የዳቦው ነገር የመጣው በክረምት ነው። የኒሙሌ መንገድ ተበላሽቶ ከኡጋንዳ የሚመጣው የስንዴ ዱቄት ቀረ፣ እኔም ሦስት ቀን ዘጋሁ። ዶክተር ቱት በሩ ላይ ቆሞ "ተኬ፣ መንገድ በተበላሸ ቁጥር ዳቦ የማይበላ ከተማ አያሳዝንም?" አለኝ። "እዚሁ የሚበቅል ካሳቫ አለ፣ ማሽላ አለ። ከስንዴው ጋር ቢደባለቅ ምን ያህል ይነሳል? እንሞክረው። ዱቄቱ በእኔ፣ ምድጃው በአንተ።"

"ለምን የእኔ ምድጃ?"

"ቅርብ ስለሆነ።"

ውሸት መሰለኝ። ስሜን ሊያጠፋ ነው ብዬ አሰብኩ። ሆኖም "ይሄ ሰው ምን ሊያደርግ ነው?" የሚለው ጉጉት አሸነፈኝና እሺ አልኩ።

መጀመሪያ ስለ ምድጃዬ ጠየቀኝ። እኔም ምስጢሬን ነገርኩት። ምድጃዬ አራት ማዕዘን አለው፣ ለአራቱም ስም አውጥቼላቸዋለሁ። ከኋላ በስተቀኝ ያለው ሲኦል ነው፣ ያስቀመጥከውን ያሳርራል። ከኋላ በስተግራ ገነት ነው፣ ዳቦው የሙሽራ ጉንጭ መስሎ ይወጣል። ከአፉ በስተግራ ጨዋዋ ናት፣ አትጎዳም አትጠቅምም። ከአፉ በስተቀኝ ያለችው ሰነፏ ናት፣ ንፋስ ይመታታል፣ ዳቦዋ በሽተኛ ይመስላል። ጥሩ ጋጋሪ ምን ያደርጋል? ያዞራል። በመሃል ይከፍትና በአካፋው ፎርማዎቹን ቦታ ያለዋውጣቸዋል። ሁሉም ሲኦልንም ገነትንም ቀምሶ ይወጣል። ጋጋሪነት ማለት ይሄው ነው።

ዶክተሩ ስሞቹን ሲሰማ ሕፃን ሆነ። "ተኬ፣ አንተ እኮ ያለህ አራት ምድጃ ነው!" አለ። ወረቀት ላይ አራት በአራት ካሬ ሠራ። አራት ሊጥ፣ አራት ማዕዘን፣ አራት ቀን። እያንዳንዱ ሊጥ እያንዳንዱ ማዕዘን ላይ አንድ አንድ ቀን ይጋገራል፤ ማንም ገነት ላይ አይመሽግም፣ ማንም ሲኦል ውስጥ ተረስቶ አይቀርም። የትኛው በየትኛው ቀን የት እንደሚገባ የሚወስነው ዕጣ ነው። "ዓይን ያዳላል" አለኝ፣ "ዕጣ አያዳላም።"

እኔ ደግሞ የእቁብ ዳኛ ሆኜ ስለማውቅ ዕጣ እንዴት እንደሚያዳላ ላስተምረው እችል ነበር። ክብሪት ቀፎ ውስጥ የተጠቀለሉ ወረቀቶች ከትቶ ጆሮው አጠገብ ሲያንቀጫቅጭ፣

"እኔ ላውጣ" አልኩት።

"አውጣ" ብሎ ቀፎውን ሰጠኝ።

ጥርጣሬዬ እጥፍ ሆነ። ነገሩን ያላበላሸ ሰው እንዲህ በቀላሉ አሳልፎ ይሰጣል እንዴ?

ዱቄቱን የደባለቁት ሐጂ ኑረዲን ናቸው። ቁጥር ብቻ ጻፉበት፣ ከአንድ እስከ አራት። የትኛው ቁጥር ምን እንደሆነ የያዘው ወረቀት እሳቸው መሳቢያ ውስጥ ተቆለፈ። እኔም እንዳላውቅ፣ ዶክተሩም እንዳያውቅ። "ራስህንም ነው የምትጠረጥረው?" ብለው ሐጂ ጠየቁት። "ከሁሉ አስቀድሜ" አላቸው። የእኔ እጅ ግን ወረቀት አያስፈልገውም። ሊጡን ገና ስነካው ሦስት ቁጥር ካሳቫ ያለበት መሆኑን አወቅኩ፤ ከበድ ይላል፣ ጣት ላይ ይቀራል።

"አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንህ" አለኝ ዶክተሩ። "በመሃል አታዙር። የተቀመጠበት ይቆይ።"

"እሺ።"

"ቢቃጠልም።"

"እሺ አልኩህ እኮ!"

እጄን ጨበጠኝና ወደ ክፍሉ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ያስተምራል። ሲመለስ ዳቦዎቹን አንድ በአንድ ሣጥን ውስጥ ያስቀምጥና በዙሪያቸው ሰሊጥ ይሞላል፤ ከሞላው ሰሊጥ ተነስቶ ዳቦው የቱን ያህል እንዳበጠ ያውቃል። እኔም ቆሜ አየዋለሁ፣ ሰሊጥ እንዳይደብቅ።

የመጀመሪያው ቀን ሦስት ቁጥር ገነት ደረሰው። አማረበት። በሁለተኛው ቀን ሰነፏ ደረሰችው፤ ገርጥቶ፣ ጠፍጥፎ ወጣ። ዶክተሩ ለክቶት ሄደ፤ ዳቦው ጠረጴዛ ላይ እንዳለ አንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ገብተው አዩት።

"ተካ፣ አሞሃል እንዴ ልጄ?" አሉኝ።

ከልባቸው ነው የጠየቁኝ። የነደደኝም ለዚያ ነው።

በሦስተኛው ቀን ሦስት ቁጥር ሲኦል ደረሰው። አጠገቤ ኪዴን አለች። ኪዴን ድልድዩ ማዶ ካለው ሸሪካት ሰፈር በቦዳቦዳ፣ በኪራይ ሞተር ማለቴ ነው፣ እየተመላለሰች ምድጃው ላይ አብራኝ ስትሠራ ዓመታት ያስቆጠረች የባሪ ጎሳ ሴት ናት። እሳቱን ከእኔ ይበልጥ ታውቀዋለች፣ ይሄን ደግሞ በሕይወቴ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። የምድጃውን በር ከፈት አድርጌ ሳይ የሦስት ቁጥር ጫፍ መጥቆር ጀምሯል። አሰብኩት፦ ነገ ይሄ ሰው በእንግሊዝኛ ይጽፋል፣ የተካ ዳቦ ቤት ያሳርራል ብሎ ለዓለም ይነግራል። ለካስ ዕጣው የወጣው ለዚህ ነው! ደግሞ እኮ ዳቦ ነው። ዓይኔ እያየ ዳቦ ሲያር ቆሜ ልይ?

አካፋውን አነሳሁ።

"ሲቡ!" አለች ኪዴን። ተወው ማለቷ ነው። "ዶክቶሩ አትንካ ብሏል።"

"ዶክቶሩ ጋጋሪ አይደለም።"

ሦስት ቁጥርን ወደ ገነት፣ ገነት የነበረውን ወደ ሲኦል። ሊበስል ሲል ሁሉንም ወደ ቦታው መለስኩ። ዶክተሩ ሲመጣ እኔ እጄን ታጥቤ፣ ፉጨቴን እያፏጨሁ ነው። በአራተኛውም ቀን ሲኦል በደረሰው ላይ ደገምኩት። አንዴ የለመደ እጅ ምን ይደረጋል?

ሐጂ መሳቢያቸውን ከፍተው ወረቀቱን ሲያወጡ ካሳቫ ያለበት ዳቦ ከንጹሑ ስንዴ እኩል ሆኖ ተገኘ። ዶክተሩ ደስ አላለውም፤ ግንባሩን ቋጠረ።

"ይሄ ከጠበቅኩት በላይ ነው። አራት ቀን ደግሞ ትንሽ ነው። ተኬ፣ እንድገመው።"

"ምኑ ይደገማል! ዓይንህ አላየም? በዓል እየደረሰ ነው፣ ምድጃዬ ሥራ አለበት።"

ደብተሩን ዘጋ። ከዚያ "እሺ፣ አምንሃለሁ" አለ። ከዚያ ቃል ይልቅ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ፔፐሩ ወጣ። መጨረሻው ላይ "ምድጃውንና እውቀቱን ለሰጠን ለአቶ ተካ" የሚል ምስጋና አለው። ከንግድ ፈቃዴ አጠገብ በመስታወት አስገብቼ ሰቀልኩት። ለማን ያልነገርኩት አለ? ለፖሊስ ነገርኩ፣ ለቦዳቦዳ ነጂ ነገርኩ፣ አንድ የጠፋበት መንገደኛ አቅጣጫ ሊጠይቀኝ ቢገባ አስነበብኩት።

ይሄ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው አንድ ተቋም የስታቲስቲክስ ክፍል ኃላፊ የፈለገው። ዶክተር ቱት አመለከተ። ይሄን ሥራ እንዴት እንደፈለገው እኔ አውቃለሁ። እስከዚያ ድረስ በኮንትራት እየተንከራተተ ነው የኖረው፤ ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ። ወጣቶችን በአንድ ቦታ ቁጭ አድርጌ ባስተምር ይል ነበር። ቅጥሩ ደግሞ በዝርዝሩ ላይ ነው የቆመው። ከቅርብ ዓመታት የሚቆጠሩለት ፔፐሮች አንድ ሳይተርፍ አንድ ሳይጎድል ልክ ቅጥሩ የሚጠይቀውን ያህል ነበሩ። የዳቦዋ ፔፐር ከነሱ አንዷ ናት።

ከቅጥር ኮሚቴው አንድ ሰውዬ ሄልሜቱን በክንዱ አንጠልጥሎ ዳቦ ቤቴ መጣ። አጭር ነው፣ ያልበዋል። እንደ እኔ ተጠራጣሪ ስለሆነ ወዲያው ወደድኩት።

"የሰውዬው ዝርዝር ረጅም ነው" አለኝ በእንግሊዝኛ። "ረጅም ነገር ውስጥ ውሸት አይጠፋም። ይሄ የዳቦ ጥናት እውነት እዚህ ነው የተካሄደው?"

"እዚህ! እኔው ነኝ የጋገርኩት፣ ስሜን አታይም?"

"ልክ እንደተጻፈው?"

"ልክ እንደተጻፈው!"

"ሁሉም?"

"ሁሉም! በእግዚአብሔር ስም!" ብዬ ማልኩ። ትኩስ ዳቦም ጠቅልዬ ሰጠሁት። ጓደኛዬን የጠቀምኩ መስሎኛል።

በማግስቱ ከሰዓት ዶክተር ቱት መጣ። ሐጂ ኑረዲን ዱቄት አራግፈው ጆንያ ላይ አረፍ ብለው ነበር፤ ኪዴን ፎርማ እየወለወለች ነው።

"ተኬ፣ መሰከርክልኝ አሉ" አለ ዶክተሩ። ፊቱ ያበራል። "ምን ብለህ ነገርከው?"

"ሁሉም እንደተጻፈው ነው አልኩት።"

ኪዴን ቀና ሳትል፣ ወልዋያዋንም ሳታቆም፣ "ኩሉ?" አለች። ሁሉም? ማለቷ ነው።

ዶክተሩ እሷን አየ። ከዚያ እኔን አየ። የአራት ኪሎ ተማሪ ፈገግታው ቀስ ብሎ ከፊቱ ወረደ።

"ተኬ?"

እኔ እኮ ለፖሊስ ዋሽቼ አውቃለሁ፣ ለሚስቴ ዋሽቼ አውቃለሁ። የዚያን ቀን ግን አፌ እምቢ አለኝ። "አዙሬዋለሁ" አልኩ።

"በየትኛው ቀን?"

"በሦስተኛው። በአራተኛውም።"

"የትኛውን ከየትኛው ጋር?"

ነገርኩት። አልተቆጣም። ደብተሩን አወጣ፣ ያንን ካሬ ፈልጎ አገኘው፣ ቆሞ ጻፈበት። ሐጂ "ላ ኢላሃ ኢለላህ" ሲሉ ብቻ ነው የተሰማው።

"ዶክተር፣ ስማኝ" አልኩት። "እዚህ ያለነው አራት ሰዎች ነን። ሐጂ አይናገሩም፣ ኪዴን አትናገርም። ሥራውን ያዝ፣ ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ ከፈለግክ እጋግርልሃለሁ፣ ሲኦል ላይ ራሴን እጋግርልሃለሁ!"

"ሰዎች ካሳቫ እየገዙ ነው ተኬ፣ እኔ የጻፍኩትን አምነው።"

"ጥፋቱ የኔ ነው እኮ!"

"አይደለም" አለ። "ጋጋሪን ዳቦ ሲያር ቁጭ ብለህ እይ አልኩት። ምድጃውን አራት ቦታ ስከፍል፣ ቀኑን ስከፍል፣ አንተን ረሳሁህ። ቆሜ ማየት ነበረብኝ። የዲዛይኑ ስህተት ነው፤ ዲዛይኑ ደግሞ የኔ ነው።"

ለጆርናሉ የጻፈውን ደብዳቤ አሳየኝ። ጣቴን መስመር መስመሩ ላይ እየሳብኩ ስሜን ፈለግኩ። "ሙከራው በተገለጸው መንገድ አልተካሄደም፤ ኃላፊነቱ የእኔ ብቻ ነው" ነው የሚለው። እኔ የለሁበትም። ያኔ ደግሞ አዲስ ጥርጣሬ ገባኝ፦ ለምን አላጋለጠኝም? ምን አስቦ ነው?

ዝርዝሩን እንደገና ሲያትም ያቺን መስመር አላወጣትም። እንዳለች ትቶ በላይዋ ላይ አሰመረባት፣ ከጎኗም "በደራሲው ጥያቄ ተሰርዟል" ብሎ ጻፈ። "አውጣትና እርሳት!" ብዬ ለመንኩት። "ላሟ በልታለች" አለኝ፣ ሌላ ምንም አላለም።

ኮሚቴው ያቺን ሰረዝ ሲያይ ሌላውን ስምንት ገጽ አላነበበም። ሄልሜት ያዢው ሰውዬ በሄደበት ሁሉ "ዳቦ የፈጠረው ዶክተር" እያለ አወራ። ሥራው ለሌላ ሰው ተሰጠ። እኔ ምን አደረግኩ? ሄጄ "ያዞርኩት እኔ ነኝ" ማለት ነበረብኝ። ዳቦ ቤቴ ስሙ ይበላሻል ብዬ ዝም አልኩ። ከመስታወቱ ውስጥ ወረቀቱን አውጥቼ በቦታው የቀን መቁጠሪያ ሰቀልኩ፣ አለቀ።

እሱ ግን እንደ ድሮው ጠዋት ጠዋት ይመጣል። ጥግ ይቀመጣል፣ ይጽፋል፣ ቅራፊውን ኪሱ ይከታል። በቀል ጠበቅኩ። አንድ ቀን ሲያዋርደኝ፣ አንድ ቀን ውለታውን ሲያነሳ ይታየኝ ነበር። ወራት አለፉ። በመጨረሻ አልቻልኩም፣ አካፋዬን እንደያዝኩ ፊቱ ቆምኩ።

"ዶክተር፣ ምን ፈልገህ ነው እዚህ የምትመጣው? ንገረኝ!"

ቀና ብሎ አየኝ። "ሻይ" አለ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ፣ ትከሻው ተነቃነቀ። ሰው ሲበተን ጠራኝና "ተኬ፣ አንተ እኮ ነግረኸኛል" አለኝ። "ዓለም ላይ ስንት ፔፐር ይኖራል፣ ፎርማውን ያዞረው ሰው ሳይናገር የቀረበት? የኔ ግን ታወቀ። ዕድለኛ ነኝ።"

እስከ ዛሬ ድረስ ይሄን የተናገረው ከልቡ ይሁን እኔን ለማጽናናት አላረጋገጥኩም። ሁለቱን ለመለየት ሞክሬ ሞክሬ ትቼዋለሁ።

ለቅሶውን ካቶር አዳራሽ አደረግንለት። ሰው ሞላ፤ ኑዌሩ፣ ባሪው፣ ሐበሻው፣ ያስተማራቸው ልጆች። ሄልሜት ያዢውም መጥቷል። አንዱ ተነስቶ ስለ ደግነቱ ተናገረና ሲቀመጥ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ያቺ የዳቦዋ ነገር ባትኖር" አለ። ጭንቅላቶች ተነቀነቁ።

ተነሳሁ። "ያቺን የዳቦ ነገር የሠራኋት እኔ ነኝ" አልኩ። ሁሉንም ተረክሁ፣ ሲኦልንም፣ ገነትንም፣ አካፋውንም፣ የዋሸሁትን መሐላም። መጀመሪያ ከኋላ አንድ ሰው ፈገግ አለ። ቀጥሎ ሌላው። ሲኦልና ገነት ስል አዳራሹ ሳቀ።

"ተካ፣ ለቅሶ ላይም ትቀልዳለህ?" አለኝ አንዱ ወዳጄ እጄን ይዞ።

"እየቀለድኩ አይደለም!"

ሄልሜት ያዢው ቆመ። አልሳቀም። "አቶ ተካ" አለ፣ "ያኔ ስጠይቅህ ሁሉም ልክ ነው ብለህ በእግዚአብሔር ስም ማልክልኝ። ዛሬ ደግሞ ሐሰት ነበር ትላለህ። የትኛውን ተካ ልመን?"

ዕድሜዬን ሙሉ ስቀደድ ኖሬ፣ አንዲት እውነት ይዤ ስቆም የሚገዛኝ ጠፋ።

ስለዚህ እኔን አትመኑ። ሄዳችሁ ጠይቁ። ኮንዮ ኮንዮ ግቡና ዱቄት ተራ ሐጂ ኑረዲንን በሉ፣ ዓይነ ስውርም ያሳያችኋል። በዚያ ከሰዓት በኋላ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ምን እንደሰሙ ይንገሯችሁ። ከዚያ ድልድዩን ተሻግራችሁ ሸሪካት ኪዴንን ጠይቁ፤ ያቺ ሴት ለእኔ ብላ አንድ ቃል አትጨምርም፣ እንዲያውም ትቀንሳለች። ለየብቻ ጠይቋቸው፣ አንዱ ሌላውን ሳይሰማ። እኔም አጠገባችሁ አልቆምም። ሁለቱ በአንድ ነገር እንኳ ከተለያዩ ምድጃውም፣ አካፋውም፣ ዳቦ ቤቱም የእናንተ ነው፤ ቁልፉን ዛሬ እሰጣችኋለሁ። ካልተለያዩ ግን ቀጥታ ወደዚያ ሄልሜት ያዢ ሂዱና፣ የዶክተር ቱትን ዘጠኝ ገጽ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ እንዲያነብ ንገሩት። ምን ትጠብቃላችሁ? ሐጂ ለዙህር፣ ለቀትሩ ሰላት፣ ሳይዘጉ ድረሱባቸው።